ጨው የጫነችው በቅሎ

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

የጧት ቆጠራ፦ ሰም ሁለት ጆንያ ከከላላ ገባ፤ አንዱ ንጹሕ፣ አንዱ አተላ ያለበት። ጧፍ አርባ እስር ለሚካኤል ወጣ። ከደጎሎ የሚመጣው ገብስ ዛሬም አልደረሰም፤ መንገዱ ዝግ ነው ይላሉ። ጸደንያ ከአባባ ጋር፦ ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ተኩል። እኔ ከአባባ ጋር፦ ቁርስ ሳቀርብ።

ለወንድማገኘሁ መልስ ጻፍኩ። እንደ ልማዴ የምልከውን እዚህ ደብተር ላይ እገለብጣለሁ፣ የሚመጣልኝን እዚሁ እሰፋለሁ። ነጋዴ የላከውንና የተቀበለውን አንድ ቦታ ካላኖረ ኋላ የሚይዘው ነገር የለውም።

*

ለወንድሜ ለወንድማገኘሁ ላቀው፣ አዲስ አበባ

ወንድሜ እንደምን ሰነበትክ? የኔአለምና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤህ በአሳምነው መኪና ደርሶኛል። መልሱ ስለዘገየ ይቅር በለኝ፤ አሳምነው ደጎሎ ላይ ስምንት ቀን ቆሞ ነው የመጣው። በስልክ ለምን አትነግሪኝም እንዳትል፤ ኔትወርኩ ብቅ የሚለው ሱቁ ሰው ሲሞላ ነው፣ ሰው በሞላበት ደግሞ የቤት ጉዳይ አይወራም።

የጠየቅከኝን በተራ ልመልስ። እንግዳችሁ ጸደንያ ደህና ናት። ብርዱን ለምዳዋለች። የምታድረው ከፊት ለፊት ከፈንታዬ ቤት ነው፤ ሲነጋ ግን እኛ ግቢ ናት። ሦስት ዩኒቨርሲቲ ተባብሮ የሚሠራው ጥናታችሁ ስንት ሰው እንዳለው አሁን አውቃለሁ። ዘጠኝ ናችሁ፤ ዘጠኙንም ስም በስም ነግራኛለች። አንዱ ድምፅ ይቀዳል፣ አንዱ ይገለብጣል፣ አንዱ ግእዙን ይተረጉማል፣ አንተ የምዕራብ ወሎን የቅኔ ቤቶች ይዘሃል፣ ዶክተር አወቀ ከላይ ሆነው ያያሉ። አንድ ሽማግሌ ለሚናገረው ዘጠኝ ሰው! እኔ አንድ ኢሱዙ ገብስ በሁለት ሰው ነው የማስወርደው።

አባባ ደከማቸው ወይ ላልከኝ፣ አልደከማቸውም። ከፊታቸው በርጩማ አስቀምጠውላታል፤ ያችን እናታችን ትቀመጥባት የነበረችውን። «ተቀመጪ ልጄ» ይሏታል፤ «የኔታ» ትላቸዋለች፤ በዚያው ይጠፋሉ። ባለፈው ሐሙስ ሳቃቸው ሱቅ ድረስ ተሰማኝ። አባባ እንዲህ ይስቁ እንደነበር አላውቅም። ሰም እየመዘንኩ ነበር፣ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ።

አባባ የተቀኙት ነገር ተጽፎ ቤት ውስጥ የቀረ አለ ወይ ላልከኝ ደግሞ፣ የለም። እሳቸውስ ነግረዋችሁ የለም? ቅኔ በቃል ይወለዳል፣ ታቦቱ ፊት ይባላል፣ በዚያው ያበቃል። የትናንቱን ዛሬ የሚደግም ሌባ ነው የሚባለው። ታዲያ ማን ይጽፈዋል? እናንተ መምጣት የነበረባችሁ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ነበር።

እንዲሞቅህ ጋቢ ልኬልሃለሁ አልልም፤ እዚያ ሙቀት ነው ትላለህ። ሁለት ጣሳ ማር ልኬአለሁ።

እኅትህ በለጥሻቸው

*

ከደብዳቤው ያስቀረሁት፦

አንደኛ፣ የአባባን ዓይን። የቀኙ ካላየ ሰንብቷል፣ የግራውም እየሄደ ነው።

ሁለተኛ፣ ደብተሮቹን። ሰባት ናቸው፣ ከሰም ሳጥኑ ሥር። ልጅ ሳለሁ ከቅኔ ቤቱ ግድግዳ ወዲያ ተቀምጬ ጥጥ ስፈትል ነው ግእዙ ጆሮዬ የገባው። ወንዶቹ ውስጥ ይማራሉ፣ እኔ ውጭ እፈትላለሁ። ማንም አልከለከለኝም፤ ማንም ግቢም አላለኝም። ከዐሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ ደግሞ እሑድ እሑድ በሴቶች በኩል ቆሜ አባባ የተቀኙትን እሰማና ቤት ስደርስ እጽፈዋለሁ። ንግድ ከጀመርኩ ወዲህ በአንዱ ገጽ የጨውና የገብስ ቆጠራ ነው፣ በጀርባው ቅኔው። ሁለት መቶ ሠላሳ አሉ። አባባ ራሳቸው አያውቁም።

ለዚች ልጅ ለምን እሰጣለሁ? እሷ በርጩማ ተሰጥቷታል።

*

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለሜ፣

እንደምን አለሽልኝ? ማሩ ደርሶናል፤ ልጆቹ ጣሳውን ልሰው ጨርሰውታል። የኔአለም እጅግ አድርጋ ትስምሻለች።

ስለ አባባ ዓይን ከጸደንያ በመስማቴ አፍሬያለሁ። ከእኅቴ ደብዳቤ ላይ አጥቼው ከባዳ ሰማሁት። አልቆጣሁም፣ ግን ለምን ደበቅሽኝ? እዚህ ሐኪም አነጋግሬአለሁ። የግራው የዓይን ሞራ ከሆነ ይነሣል ብለውኛል። መንገዱ ሲሻል ይላኩልኝ። ሱቁን ትተሽ መምጣት እንደማትችይ አውቃለሁ፤ ጸደንያ ይዛቸው ትመጣለች።

የጥናቱን ረቂቅ አብሬ ልኬአለሁ። እንዳታዝኚብኝ፣ ስለ ቤታችን ያለው አጭር ነው። አሁን ያለንበትን ልንገርሽ። መጽሐፉ ሚያዝያ ላይ ማተሚያ ቤት ይገባል። ከሦስቱም ዩኒቨርሲቲዎች ያሉት ሰዎች በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ የአባባ ቅኔ የሌለበት መጽሐፍ ስለ አባባ አይደለም። ጸደንያ በሁለት ወር ያገኘችው ዐሥራ አንድ ነው፤ ከዐሥራ አንዱ ስድስቱ ጎደሎ ናቸው። አባባ ይጀምሩና መሐል ላይ ይጠፋባቸዋል። አንዳንድ ቀን እጃቸውን ጭናቸው ላይ እየመቱ ያለቅሳሉ አለችኝ። አንቺ ሱቅ ስለምትውይ ይህን አላየሽ ይሆናል።

አንድ ቁራጭ ወረቀትም ቢሆን ብታገኚ አደራ።

ወንድምሽ ወንድማገኘሁ

*

መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

የጧት ቆጠራ፦ ጧፍ ለገና ሁለት መቶ እስር ታዘዘ፣ ሰባው ተሠርቷል። ገብሱ ገባ፤ ሁለት ጆንያ ረጥቧል። ጸደንያ ከአባባ ጋር፦ አምስት ሰዓት ሙሉ። እኔ፦ የለም።

*

ለወንድሜ ለወንድማገኘሁ፣

እግዚአብሔር ጤናህን እንዲሰጥህ እመኛለሁ። አባባ ከጥምቀት በኋላ ከጸደንያ ጋር ይመጣሉ፤ አሳምነው የፊቱን ወንበር ሊለቅላቸው ቃል ገብቷል። ስለ ዓይናቸው ያልጻፍኩልህ ላላስደነግጥህ ብዬ ነው። ከባዳ ሰማሁ ላልከው ግን እኔም እንዳንተ ነኝ፤ አባባ ማልቀሳቸውን ከአዲስ አበባ ሰማሁ።

ረቂቁን አነበብኩ። ገጽ አርባ አንድ ላይ «መሪጌታ ላቀው ካስተማሯቸው መካከል ከቤታቸው ለቅኔ የበቃ የለም» ይላል። ልጅቱን ጠርቼ ጠየቅኋት።

«ጸደንያ፣ ይህን አባባ ናቸው ያሉት?»

«የኔታ ናቸው፣ እትዬ። ድምፁ አለኝ፤ ላሰማዎት?»

«ድምፃቸው ቤቴ ውስጥ አለልኝ።»

«ቅር አለዎት እንዴ?»

«እኔ ሰም ሻጭ ነኝ፤ ምን ቅር ይለኛል?»

«እውነትዎን ነው፤ ሰሙስ እርስዎ ጋ አለ። ወርቁን ያጣን እኛ ነን» ብላ ሳቀች።

«ይህን ቀልድ ከማን ተማርሽው?»

«ከየኔታ።»

ለእኔ አባባ በአርባ አራት ዓመቴ አንድ ቀን ቀልደውልኝ አያውቁም። እንኳን ሰውን፣ የሚያልፍ የሚያገድመውን በቅሎ ቅኔ የሚያስቀኙ ሰው ናቸው ትላለች ደግሞ። ደግ ልጅ ናት፤ ክፋት የላትም። ክፋት ቢኖራት ይሻለኝ ነበር።

አንድ ቁራጭ ወረቀት ብታገኚ ብለሃል። ሰም ከተጠቀለለበት ወረቀት መካከል አንድ ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት ቅኔ፣ አገኘሁ። የአባባ ሳይሆን አይቀርም። ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ለአዋቂዎቻችሁ አሳያቸው።

እኅትህ በለጥሻቸው

*

ቅኔውን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ከላላ ገበያ ላይ ከጎረቤቴ ከበለጡ የተከራየኋትን በቅሎ ጨው ስጭን መጣልኝ፤ ከለገማራ ዳገት ሳልወጣ አለቀ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ጨው የጫነች በቅሎ ከጌታዋ ደጅ ደርሳ ተመለሰች። ጣዕሙን ያወቁት ከውስጥ የተቀመጡት ናቸው፤ እሷ ያወቀችው ወገቧ ላይ ያለውን ቁስል ነው።

የላክሁት ልፈትናት ብዬ ነው። እኔ ንጹሑን ሰም ከአተላው ሳልለይ አልገዛም። ሦስት ወር ፊታቸው የተቀመጠች ልጅ የአባባን ድምፅ ከሌላ ሰው ድምፅ ትለይ እንደሆን ልይ። እሷ ካልለየች በርጩማው ለምኗ ነው? ዘጠኙስ ካልለዩ?

*

አዲስ አበባ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለሜ፣

እንኳን ደስ ያለሽ! አባባ በደህና ገብተዋል። መንገዱ አንገላቷቸዋል፣ ግን ደህና ናቸው። ሐኪሙ የግራውን ዓይን በየካቲት እሠራለሁ ብሏል። አሳምነውን አመስግኝልኝ፤ ከደጎሎ እስከ ዓለም ከተማ በእጁ ደግፎ ነው ያመጣቸው።

አሁን ወደ ቅኔው ልምጣ። እንዲህ ዓይነት ነገር አልገጠመኝም። ሦስቱም ቡድኖች ለዚህ ብቻ ተሰበሰቡ። የሰሜኑ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች «በቅሎዋ ኦሪት ናት፤ ሕጉን ተሸክማ ከሐዲስ ኪዳን ደጅ ቆመች» አሉ። የምሥራቆቹ «የለም፣ ባላገሩ ነው፤ ግብሩን ተሸክሞ ለጌታው ያስረከበ» አሉ። የእኛ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች «መምህሩ ራሱ ነው፤ ለሌላው አስተምሮ ራሱ የተራበ» አሉ። አራት ሰዓት ተከራክረው በአንድ ነገር ተስማሙ፤ የአባባ ቅኔ ሁሉ ራስ ይህ ነው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይወጣል። ዶክተር አወቀ ሦስት ገጽ ማብራሪያ ጽፈውበታል፤ ማስረጃውን ያቀረብኩት እኔ ስለሆንኩ ከሥሩ የእኔም ስም አለ።

ጸደንያ ብቻ ወደኋላ አለች። «ከሁሉ ይበልጣል፤ የየኔታ ነው ለማለት ግን ልቤ አልሞላም» አለች። ያላገኘችው ስለሆነ ቀንታ ነው ብለን ሳቅንባት።

መጋቢት 12 ቀን በጉባኤው ፊት ለአባባ ይነበባል። ዓይናቸው እስኪሻል ብለን እስካሁን አላሰማናቸውም፤ ድንገት እንዲሆንላቸው ነው።

አንድ ጥያቄ፦ ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሕፈት የማን ነው? ዶክተር አወቀ አጥብቀው ጠይቀውኛል።

ወንድምሽ ወንድማገኘሁ

*

መካነ ሰላም፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

የጧት ቆጠራ፦ ጧፍ ለጾሙ ዘጠና እስር ወጣ። ሰም የለም። ጸደንያ፦ የለችም። አባባ፦ የሉም።

*

ለወንድሜ፣

አባባ በደህና መግባታቸውን በመስማቴ ደስ ብሎኛል። የቀዶ ጥገናውን ቀን ስላላሳወቅከኝ ስእለቴን አስቀድሜ አድርሻለሁ።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። በርጩማዋ እዚያው ናት። ትናንት ቤቱን ስጠርግ ተቀመጥኩባት፤ አንዷ እግሯ አጭር ናት፤ ሰው ሲቀመጥባት ትወዛወዛለች። ያች ልጅ ይህን ሁሉ ወር አንድም ቀን አልነገረችንም።

ስለ ጽሕፈቱ ለጠየቅከኝ በዚህ ደብዳቤ አልመልስልህም። ይልቅ አንድ ነገር ልለምንህ። ያንን ቅኔ ከመጽሐፉ አውጡት። በጉባኤም አታንብቡት። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። ከእኔ ገዝተህ የከሰርክበት ዕቃ አለ? የለም። እንግዲያው በዚህም እመነኝ። አብሽር፣ የአባባ ቅኔ አይጠፋም፤ በሌላ መንገድ ይመጣል።

ለጸደንያ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ልቧ ትክክል ነው በላት።

እኅትህ በለጥሻቸው

*

ብናገር ወንድሜ በዘጠኙ ፊት ይዋረዳል። ዝም ብል አባባ ያላሉት ነገር እንዳሉት ሆኖ ይታተማል፤ በሕይወታቸው ሙሉ የሰው ቅኔ ወስደው የማያውቁ ሰው በእኔ እጅ ሌባ ይሆናሉ። የፈተንኩት ልጅቱን መስሎኝ ነበር።

አሳምነው ነገ ይነሣል። መንገዱ ክፍት ከሆነ ከመጋቢት 12 በፊት ይደርሳል።

*

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከጉባኤው በማግስቱ ነው። አሳምነው ዓለም ከተማ ላይ ታግዶ ሰንብቷል። ቀድሞ ቢደርስ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም፤ ምናልባት አላምንሽም ነበር።

የሆነውን ልንገርሽ።

ሠላሳ የምንሆን ነበርን። አባባ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ቀዶ ጥገናው ስለዘገየ ዓይናቸው ላይ ፋሻው ገና አልተነሣም። ዶክተር አወቀ ቆመው ቅኔውን አነበቡት። አባባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙና «ድገመው» አሉ። ተደገመ።

«የኔታ፣ ይህን መቼ ነው የተቀኙት?» አሉ ዶክተር አወቀ።

«እኔ አልተቀኘሁትም።»

«ዘመኑ ስለራቀ ረስተውት ይሆናል።»

«የራሴን እረሳለሁ። የሰውን የእኔ ነው አልልም። እኔ ዕድሜዬን በእግሬ የሄድኩ ሰው ነኝ፤ ጭነት በቅሎን ከየት ላይ እንደሚያቆስላት በምን አውቃለሁ? ይህን ያለ ሰው ጭኖ፣ አራግፎ፣ ቁስሉን በእጁ ዳስሷል።»

እታለም፣ ሦስቱም ዩኒቨርሲቲ ወለል ወለሉን አየ። ሦስት ገጽ ማብራሪያ ከሥሩ ስሜ ያለበት እጄ ላይ ነበር። የሆነ ሰው ሊያጨበጭብ ጀምሮ ተወው።

ከዚያ አባባ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ አንድ ጊዜ መቱ። «ደግሞም መጨረሻው ያነክሳል» አሉ። «ተመለሰች ያለውን አውጡት። እስከ ደጅ የደረሰች በቅሎ አትመለስም። ገባች በሉት።» ግእዙንም ራሳቸው ሰጡ፤ «ተመይጠት» የነበረውን «ቦአት» አደረጉት። ቅኔው በአንድ ቃል ቀና።

ሦስት ሳምንት ተምሬ ወደ አስኳላ የሸሸሁት እኔ እንኳ ይህን አውቃለሁ፤ አንቺማ ይበልጥ ታውቂያለሽ። መምህር የእንግዳ ቅኔ አያርምም። የባልንጀራውን ያደንቃል ወይም ዝም ይላል። የሚያርመው የተማሪውን ብቻ ነው። አዳራሹ ውስጥ ከቅኔ ቤት ያለፉት ሁሉ ቀና ብለው አዩአቸው።

«የኔታ፣ አረሙት?» አለች ጸደንያ።

«አረምኩት።»

«እንግዲያው ተማሪዎ ነው?»

«ካልሆነ ምን አግብቶኝ አርማለሁ?»

«ካስተማርኳቸው ከቤቴ ለቅኔ የበቃ የለም ብለውኝ ነበር እኮ።»

«የጠየቅሽኝ ያስተማሯቸው ብለሽ ነው። እሷን አላስተማርኳትም። ከግድግዳው ወዲያ ጥጥ እየፈተለች ሰማች፣ ሰምታ ወሰደች። ያልሰጠሁትን ሰጠሁ ብዬ ልመስገንበት?» አሉ። ቀጥለውም እንዲህ አሉ። «እንዝርቷ ይሰማኝ ነበር። የከበደ ቦታ ስደርስ እንዝርቷ ይቆማል። ያን ጊዜ እደግመዋለሁ። ልጆቹ ለእነሱ የምደግም ይመስላቸው ነበር።»

ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ ጉባኤው ጉባኤ አልሆነም።

አልተቆጣሁም ብል እዋሻለሁ። ያለኔ ፈቃድ ያጋለጥሽኝ እኔን ነው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ከነማብራሪያው ተነሥቷል። ስሜ ከአዘጋጆቹ ዝርዝር ይውጣ ያሉ አሉ፤ ዶክተር አወቀ ገና አልወሰኑም። ግን ከቁጣው በላይ ያልተኛልኝ ሌላ ነው። እኔ ውስጥ ተቀምጬ ስማር ያ ድግምግሞሽ ለእኔ ስንፍና መስሎኝ ነበር የሸሸሁት። ለካ ከግድግዳው ወዲያ ላለች ነበር። ቀናሁብሽ፣ እታለም። በዚህ ዕድሜዬ።

ጸደንያም ቅናቱ አልቀረላትም። ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆማ «አራት ወር ሙሉ ፊታቸው ተቀምጬ ስድስት ጊዜ ሞክሬ ቅኔ አሰማኋቸው። ስድስቱንም ጊዜ 'ጥሩ ነው ልጄ' አሉኝ። አንድ ቃል አላረሙልኝም» አለች።

አሁን በግልጽ ጠይቄሻለሁ፤ በግልጽ መልሺልኝ። ስንት አለ?

ወንድማገኘሁ

*

መካነ ሰላም፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

የጧት ቆጠራ፦ ሰም አንድ ጆንያ ከወረኢሉ ገባ፣ ንጹሕ። ጧፍ ለሆሳዕና ሠላሳ እስር ታዘዘ። ደብተር፦ ሰባት፤ ከሳጥኑ ሥር ወጥተው ፀሐይ ላይ ተሰጥተዋል። የአራተኛው ጀርባ ሰም ነክቶታል፣ ይነበባል።

*

ለወንድሜ ለወንድማገኘሁ፣

ሰላምህ ይብዛ። ደብዳቤህን ሱቁን ዘግቼ ነው ያነበብኩት። በጠራራ ፀሐይ ሱቅ ስዘጋ ሰው አይቶ ስለማያውቅ ፈንታዬ መጥታ «ማን ሞተ?» አለችኝ። «ማንም» አልኳት። «ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?» አለችኝ። «አባባ አረሙኝ» ብላት አልገባትም። አንተ ይገባሃል።

የጠየቅከኝን እመልሳለሁ። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ አለ። የእኔ አንድ ነው፣ የቀረው የአባባ ነው። ከዐሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ የጻፍኳቸው ናቸው። ሲያለቅሱ እንደነበር ከነገርከኝም በኋላ ደብተሮቹ ከእጄ አልወጡም፤ ከሁሉ የምጸጸተው በዚህ ነው። አንድ ሳጥን ማንሣት ነበር የሚያስፈልገው። ጸደንያ ከፍታ እንድታሰማቸው አልፈለግኩም፣ እኔም አላሰማኋቸውም። በሁለታችን መካከል እሳቸው ተራቡ።

ለዶክተር አወቀ የሚሆን ሌላ ደብዳቤ ከዚህ ጋር አለ። ቅኔውን የሠራሁት እኔ፣ የአባባ ነው ብዬ የላክሁት እኔ፣ አንተ እንዳታውቅ ያደረግሁት እኔ መሆኔን በፊርማዬ ጽፌበታለሁ። ስምህን ከዝርዝሩ የሚያወጡ ከሆነ የሚያወጡት ስለዋሸህ ሳይሆን እኅትህን ስላመንክ ነው። ያንን ያንብቡትና ይወስኑ።

ደብተሮቹን በመኪና አልልክም። ያለኝን ሁሉ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ጭነት ልኬ አላውቅም፤ መንገዱን ደግሞ አንተም ታውቀዋለህ። ከፋሲካ በፊት አባባን መልሱልኝ፤ ጸደንያ ይዛቸው ትምጣ፣ መቅጃዋንም ትያዝ። ጽሕፈቴ ከጨውና ከገብስ ቆጠራ ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ ያለኔ አትለየውም። እኔ አነባለሁ፣ አባባ ያርማሉ ወይም «ልክ ነው» ይላሉ፣ እሷ ትጽፋለች። በቀን ሃያ ብንሠራ በሁለት ሳምንት እንጨርሳለን። ማተሚያ ቤቱ አንድ ወር ይጠብቃችሁ።

ስለ መጽሐፉ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። መጀመሪያ የሚወጣው የአባባ ይሁን፤ የእኔ ከወጣ ከኋላ፣ በታረመው ቃል ይሁን። ገጽ አርባ አንድ ላይ ያለውን ዐረፍተ ነገር አታውጡት፤ እውነት ነው፣ አባባ ያሉት ነው። ከሥሩ ግን የእንዝርቱን ነገር ጨምሩበት። ሦስተኛ፣ ጸደንያ ስድስቱን ቅኔዎቿን ይዛ ትምጣ። አባባ ካላረሙላት እኔ አያቸዋለሁ፤ አያያዟ ጥሩ መስሎኛል።

ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽህም። ሰም የነካው እጅ በአንድ መታጠብ አይጠራም። አሁንም ሳቋን ከሱቅ ስሰማ ሚዛኔ ይሳሳት ይሆናል። ግን ሱቁን ከስድስት ሰዓት በኋላ መክፈት እንደምችል ዛሬ አሰብኩ፤ ሰም ገዢ ይጠብቃል።

ይህን ብቻ ለአባባ አንብብላቸው፦

የኔታ፣ ቃሉን ተቀብያለሁ። ገባች ብዬ ጽፌዋለሁ። ለፋሲካ ይድረሱልኝ።

እኅትህ በለጥሻቸው

*

ደብዳቤው ለአሳምነው ተሰጠ። ጧት በዐሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል።

ነገ፦ አናጢው ዋለ ዘንድ መሄድ። የአሮጌውን በርጩማ አጭር እግር ማስተካከል፣ ያዘዝኩትን ሁለተኛ በርጩማ መረከብ። ከመቀበል በፊት ወለል ላይ አስቀምጦ፣ ተቀምጦበት ማየት።